የማክሰኞው ልኬት

ለኪዋ ተወልዳ ያደገችው ከሲሚንቶ ፋብሪካው አጥር ባሻገር፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለው ሁለተኛው ቤት ነው። በዚያ ሰፈር ልብስ የሚሰጣው ነፋሱ ፊቱን ወደ ሌላ ሲያዞር ብቻ ነበር። ነፋሱ ሳይታሰብ ከተመለሰ እናቶች የያዙትን ጥለው ወደ ገመዱ ይሮጣሉ፤ ያልተደረሰለት ነጭ አንሶላ ግራጫ ሆኖ ይገባል። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ከረጢት ሲሞላ ኖሮ ደረቱ እንደታፈነ ሞተ። ታላቅ ወንድሟ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ በአባቱ እግር ተተካና ከተራ ጉልበት ሠራተኝነት ተነስቶ የምድጃ ሹም እስከ መሆን ደረሰ። ምድጃው ተኝቶ የሚሽከረከር፣ ስድሳ ሜትር የሚረዝም ወፍራም የብረት ቧንቧ ነበር፤ የተፈጨ ድንጋይ በአንድ ጫፉ ይገባና በሌላው ጫፍ የጋለ ጠጠር ሆኖ ይወጣል፤ ጠጠሩ ሲፈጭ ሲሚንቶ ይሆናል። ወንድሟ በጥቁር መነጽሩ እሳቱን አንዴ አየት አድርጎ ሙቀቱን ከመለኪያው ቀድሞ ስለሚናገር ሠራተኞቹ "አቶ እሳት" ይሉት ነበር።

እሷን ያስተማራት እሱ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የደረጃውን እርከን፣ የጭነት መኪናውን ጎማ፣ የሰውን ቁልፍ ሁሉ ስለምትቆጥር "ቁጥሬ" ብሎ ስም ያወጣላትም እሱ ነው። ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ ትዳሩን አምስት ዓመት አዘገየ። እሷም አላሳፈረችውም። በዋናው ከተማ፣ በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የጭስ ልኬት ባለሙያ ሆነች። እየዞረች የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ላይ መውጣትና ምን ያህል ካርቦን እንደሚተፋ መለካት ነበር ሥራዋ። ባልደረቦቿ "ለኪዋ" አሏት፤ ስሙም በዚያው ጸናባት።

አገሮች ተሰብስበው ጭሳቸውን ለመቀነስ ሲፈራረሙ የእሷም አገር ፈረመች። በስምምነቱ መሠረት የድንጋይ ከሰል ከሚያነዱት ሦስት የሲሚንቶ ምድጃዎች አንዱ ይዘጋል፤ የሚዘጋውም ለአንድ ቶን ምርት ከሁሉ የበለጠ ጭስ የሚያወጣው ነው። በምላሹ ከውጭ የሚመጣው ድጋፍ ለነፋስ ኃይል ማመንጫ መትከያ፣ ሥራ ለሚያጡት ሰዎች ደግሞ ለመቋቋሚያና ለአዲስ ሙያ ሥልጠና ይውላል። በወረቀት ሲነበብ ማንም የማይከፋበት ነገር ነበር። የቀረው የትኛው ምድጃ እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው፤ ይህን የሚናገረው ደግሞ የእሷ መለኪያ ነው።

ሁለቱን ለክታ ጨረሰች። ከሁለቱ የወደብ ከተማው ፋብሪካ ባሰ። ሦስተኛው የትውልድ ሰፈሯ ፋብሪካ ነበር፤ እዚያ የደረሰችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ወንድሟ አቧራ የለበሰ ቆቡን በእጁ ይዞ ምድጃው ሥር ጠበቃት።

"ቁጥሬ፣ ዛሬ አትለኪ" አላት፣ ገና መሣሪያዋን ከመኪና ሳታወርድ። "ለጥገና አራት ቀን ቆሞ ትናንት ነው የተለኮሰው። የውስጥ ጡቡ ገና አልጋለም። ከሰሉን እንደ ጤነኛ ይበላል፣ የሚሠራው ግን እንደ በሽተኛ ነው። ያን ሁሉ ጭስ ለዚህች ለምትንጠባጠበው ምርት ካካፈልሽው ጉድ ነው የሚሆነው። ዓርብ ነይ።"

"ዓርብ የለሁም ጋሼ። ሐሙስ እበራለሁ።"

"ወዴት?"

ነገረችው። የየአገሩ ቁጥር የሚቀርብበት ትልቅ ጉባኤ ነበር። ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ባለሙያ ከልዑካኑ ጋር ይሄዳል፤ የተመረጠችውም እሷ ናት። ሪፖርቱ ረቡዕ ከሥራ መውጫ በፊት መግባት አለበት።

"እንግዲያው ሌላ ሰው ዓርብ ይምጣና ይለካ። ቀኑንም ትንሽ ይግፉልሽ።"

"ሌላ ሰው የለም" አለች።

ነበረ። አንድ ቢሮ የሚጋራት ባልደረባዋ ልኬቱን ከእሷ እኩል ይችላል። ግን ሥራውን እሱ ከጨረሰው ጉባኤው ላይ ቀርቦ የሚያስረዳውም እሱ ይሆናል፤ የአውሮፕላኑ ወንበርም ወደ እሱ ይዞራል። ይህን ለወንድሟ አልነገረችውም።

"እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" አላት። "የተማርሽው አንቺ ነሽ።" የመሣሪያ ሣጥኗንም ተሸክሞ እስከ ጭስ ማውጫው መወጣጫ ድረስ ሸኛት።

ለካች። ቁጥሩ እሱ እንዳለው ከፍ ብሎ ወጣ፤ ከወደቡ ፋብሪካ በለጠ። ቅጹን የሞላችው በመመለሻው መኪና ውስጥ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ነው። ከታች በኩል "ምድጃው በመደበኛ ሥራ ላይ ነበር?" የሚል ጥያቄና ሁለት ትናንሽ ሣጥኖች አሉ። ምድጃው ያረጀ መሆኑን ማን ያጣዋል፤ ሦስት ቀን ብጠብቅስ ስንት ሊቀንስ ነው፤ አባቴንስ የጨረሰው ይኸው ጭስ አይደል እንዴ፣ አለች በሆዷ። "አዎ" የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። መኪናው ስላንገጫገጫት ምልክቱ ከሣጥኑ ወጣ ብሎ ተጋደመ።

ጉባኤው ላይ ቁጥሯ ግድግዳ በሚያክል ሰሌዳ ላይ ታየ። ሰው አጨበጨበ። እሷም ጎንበስ ብላ አመሰገነች።

ምድጃው የጠፋው ከሰባት ወር በኋላ ነው። ሥራ በዛብኝ ብላ አልሄደችም፤ የሆነውን የነገረቻት እናቷ ናት። እንዲህ ያለ ምድጃ እሳቱ ከጠፋ በኋላ እየተሽከረከረ ካልበረደ በገዛ ክብደቱ ይጎብጣል። ስለዚህ ወንድሟ ሦስት ቀን ሥሩ ተቀምጦ ቀስ እያደረገ አሽከረከረው፤ በሳምንቱ ተቆራርጦ ለብረት አቅላጭ የሚሰጠውን ምድጃ።

"'ምነው ልጄ፣ ለማን ብለህ ነው የምትደክመው?' ብዬ ብጠይቀው 'ጎብጦ እንዲሞት አልፈልግም' አለኝ" አለች እናቷ በስልክ።

ለኪዋ ስልኩን አስቀመጠች። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ አንድም መስመር ሳትጽፍ ዋለች።

ከዚያ ወዲህ ከሰፈሯ የሚመጣው ወሬ ሁሉ ግማሹ የሚያስደስት፣ ግማሹ አንጀት የሚበላ ሆነ። እናቷ አንሶላዋን ባሻት ሰዓት ታሰጣለች። ድሮ አራት ጊዜ አርፋ የምትወጣውን ዳገት አሁን አንድ ጊዜ ብቻ አርፋ ትወጣለች፤ ሲር ሲር ይል የነበረው ደረቷ ጋብ ብሏል። ጤና ጣቢያ በሳል የሚመጣው ሕፃን ቁጥርም ቀነሰ። ፋብሪካው በር ላይ የነበሩት ምግብ ቤቶች ግን አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ሲሚንቶ ስለተወደደ የተጀመረው ትምህርት ቤት ያለ ጣሪያ ቀረ። ከሥራ የወጡት ሰዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው "አየሩም ጠራ፣ ኪሳችንም ጠራ" ይባባላሉ።

የጎደለው ሲሚንቶ በመርከብ ይመጣ ጀመር። ለኪዋ ሰነዶቹን አገላብጣ አየች። ሲሚንቶው የሚሠራው በሌላ አገር ነው፤ እዚያም የሚነደው ከሰል ነው፤ የመርከቡ ጭስ ሲጨመርበት ደግሞ ከወንድሟ ምድጃ አይሻልም። ሰነዱን ይዛ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

"ታዲያ ምኑን ቀነስነው?" አለቻቸው።

አለቃዋ ክፉ ሰው አልነበሩም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "ከድንበራችን ውጭ የሚጨሰው በእኛ አይቆጠርም" አሏት። "የነፋስ ማመንጫውን ግን አትርሺ። እሱ ቆሟል፣ መብራት እየሰጠ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አናስተካክልም።"

እውነታቸውን ነበር። ያ ግን የእሷን ነገር አላቀለለላትም። ምድጃው በሐቅ ተለክቶ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ እንደ ማንኛውም ሰው አዝና፣ ይሁን ብላ በኖረች። ዓርብ በመጣ ቁጥር "ዓርብ ነይ" የሚለው የወንድሟ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ያቃጭልባት ነበር። ለእናቷ ዕቃ ትልካለች፣ ራሷ ግን አትሄድም። ወንድሟ በደወለ ጊዜ ሁሉ "ሥራ እንዴት ነው ቁጥሬ?" ይላታል እንጂ አንድም ቀን ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ቀጣዩ ዙር ድጋፍ ከመለቀቁ በፊት ከስምምነቱ ጽሕፈት ቤት አንዲት አጣሪ መጣች። ብዙ የማትናገር፣ የምትጽፈው ግን የማያልቅ ሴት ናት። የሦስቱንም ምድጃዎች የፈረቃ መዝገብ፣ ልኬት ከተደረገበት ወር ጀምሮ ማየት እፈልጋለሁ አለች። የሁለቱ መጣ። የተዘጋው ፋብሪካ መዝገብ የምድጃ ሹሙ ቤት መሆኑ ተሰማ።

"የገዛ ወንድምሽ አይደል? ሂጂና አምጪልን" አሏት አለቃዋ። ኮሪደር ላይ ተከትለዋት ወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፤ "ደግሞ ፋብሪካ ሲፈርስ ስንት ነገር ይጠፋል። ቢጠፋም የሚገርመው የለም።"

ለኪዋ ምን እንዳሏት ገባት። ለካስ እሳቸውም ጠርጥረዋል።

ሰፈሯ የደረሰችው ከቀትር በኋላ ነው። እናቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጣጥፋለች። ልጇን አቅፋ ስማት ስማት አልጠግብ አለች፤ ከዚያ "ተመልከቺኝማ" ብላ ጎተራ የሚያክል ትንፋሽ ስባ ሳትስል ለቀቀችው፣ እንደ ትልቅ ሙያ። ለኪዋ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ።

ወንድሟን ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሥልጠና ወረቀት ዘርግቶ አገኘችው። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ተከላ እየተማረ ነው። በእጅ ሥራው ከክፍሉ አንደኛ ቢሆንም የጽሑፍ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቋል።

"አራት መልስ ይደረድሩልሽና ትክክለኛውን ምረጪ ይሉሻል" አለ፣ ወንበር እየሳበላት። "ሁሉም ትክክል ይመስለኛል። እሳት እንዲህ አያደርግም፤ ያለውን ነው የሚያሳይሽ።"

ውሃ ሰጣት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች እንጂ አልጠጣችም።

"ጋሼ፣ የማክሰኞውን ልኬት ታስታውሳለህ?"

"አስታውሳለሁ።"

"ቅጹ ላይ ምድጃው በመደበኛ ሥራ ላይ ነበር ብዬ ሞላሁ። ሌላ ሰው የለም ያልኩህም ውሸት ነው። ነበረ። ጉዞው እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።" ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ዓርብ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ የእናንተ ከወደቡ ያንስ ነበር። ደግሜ ደጋግሜ አስልቼዋለሁ።"

ወንድሟ ወረቀቶቹን አንድ ላይ ሰብስቦ ጠርዛቸውን አስተካከለ።

"አውቃለሁ" አላት።

"ምኑን ታውቃለህ?"

"ሪፖርቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፈውት ነበር። ከነቅጹ። ያቺን ምልክት አየኋት፣ ከሣጥኑ የወጣችውን። ሰኞ ለኮስን ብዬ መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔው፤ እንዴት አላውቅም?"

"ሁለት ዓመት ሙሉ አውቀህ ዝም አልክ?"

"ምን ልበል? እህቴን ላሳስር?" ድምፁ ከፍ አላለም። "መጀመሪያ ተናደድኩ። መዝገቡን ብብቴ ውስጥ ይዤ ሥራ አስኪያጁ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ከዚያ አንቺን አሰብኩ፣ እማዬን አሰብኩ። ነገ ዛሬ ስል ምድጃው ጠፋ። አሁን ስንቱ ጓደኛዬ መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ ዓይኑን ማየት ያቅተኛል። 'አቶ እሳት፣ እንዴት አደርክ' ይሉኛል፣ እኔ ግን መሬት መሬት ነው የማየው። ብቻሽን የተቃጠልሽ እንዳይመስልሽ።"

ከውጭ እናታቸው ከጎረቤት ጋር ስትሳሳቅ ይሰማል።

ተነስቶ ከአልጋው ሥር ሰማያዊ ጨርቅ የተለበጠ ትልቅ መዝገብ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። "ለዚህ ነው የመጣሽው፤ ስልክ ተደውሎልኛል። ብትሰጪያቸው ድጋፉ ይያዛል፣ ሥልጠናውም ይቆማል፤ መቶ አርባ ሰው ነን። ባትሰጪያቸው ደግሞ አንቺና እኔ እስክንሞት እንደተደባበቅን እንኖራለን። የቱ እንደሚሻል እኔን አትጠይቂኝ። እኔ አንዴ መርጬ አይቼዋለሁ።"

በአውቶቡስ ስትመለስ መዝገቡን ጭኗ ላይ አድርጋ መጣች። መንገዱ ወንዝ ይሻገራል፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። ድልድዩን ሲያልፉ እጇ መዝገቡ ላይ ጠበቀ። አልወረወረችውም። በማግስቱ ለአጣሪዋ አስረከበችና ማክሰኞ ያደረገችውን፣ ለምን እንዳደረገችው ጭምር፣ በአንድ ገጽ ጽፋ ፈረመችበት። ለእውነት ብላ ይሁን ለራሷ እፎይታ፣ እስከ ዛሬም ለይታ አታውቀውም።

አጣሪዋ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ይህን ለማምጣት ሁለት ዓመት ለምን ፈጀብዎት?" ብላ ጠየቀቻት።

ነገሩ ከገመተችው የከፋ ሆነ። እሷ ከሥራ ተሰናበተች፤ ያንንስ ጠብቃዋለች። ድጋፉ ታገደ፣ ሥልጠናው ስምንት ወር ቆመ፤ ከመቶ አርባው ሠላሳ የሚሆኑት ተስፋ ቆርጠው ተበተኑ። ከዚያ ደግሞ ሌላ መጣ። ቁጥሩ ሲታረም ተቀነሰ የተባለው ጭስ ጎደለ፤ የጎደለውን ለመሙላት ወይ ድጋፉ ይመለስ ወይ ሁለተኛ ምድጃ ይዘጋ ተባለ። መንግሥት መዝጋቱን መረጠ። የወደቡ ምድጃ ጠፋ።

ዕቃዋን በካርቶን ሰብስባ ስትወጣ አለቃዋ በሩ ድረስ ሸኟት። "አንድ ከተማ ነበር የከፋው" አሏት። "አሁን ሁለት ሆኑ።" ስድብ አልነበረም፤ የደከመው ሰው አነጋገር ነው። እሷም "አዎ" ብላ ወጣች።

እናቷ ቤት ገባች። ሰፈሩ ታሪኩን ሰምቶታል። አንዳንዱ ሲያያት መንገድ ይሻገራል፤ የወንድሟ ሚስት "ደህና ዋልሽ" ከማለት አታልፍም። አንድ የቀድሞ ከረጢት ሞይ ዳቦ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ "ምናለ እንደዋሸሽ ብትቀሪ ኖሮ" አላት። ወንድሟ ግን በሳምንት ሁለት ቀን መጥቶ አብሯት ይቀመጥ ጀመር። ብዙ አያወሩም። እሷ የፈተናውን ጥያቄ እያነበበች አራቱን መልሶች አንድ በአንድ ታስረዳዋለች፤ እሱ "ይሄን ምነው ገና ድሮ እንዲህ ባሉኝ" ይላል። ሥልጠናው እንደገና ሲከፈት ሦስተኛውን ፈተና አለፈ። የእጅ ሥራው ስለሚያምር ረዳት አሠልጣኝ አደረጉት።

ሥልጠናው አሁን ለሁለቱም ከተማ ሰዎች ሆነ። የወደቡ ሠራተኞች በአውቶቡስ የመጡ ዕለት ወንድሟ "መዝጋቢ የለንም፤ ነይና ስም ጻፊልን" አላት።

"እነሱን? እኔ?"

"አንቺ። ጽሑፍሽ ይነበባል።"

የድሮው የከረጢት መጋዘን ተጠርጎ ክፍል ሆኗል። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጣት። ሰዎቹ ተሰለፉ፤ አብዛኞቹ ወንድሟን ያክላሉ፤ እንደ እሱ ቅንድባቸው በእሳት የሳሳ፣ ጣታቸው የተሰነጣጠቀ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የነበራቸው ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመን እያለች ጻፈች። ከመካከላቸው አንድ ሽበታም ሰው ስሙን ከተናገረ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ።

"የእኛን ምድጃ ያስዘጋችው የዚህ ሰፈር ልጅ ናት ይላሉ። እውነት ነው?"

ወንድሟ ክፍሉ ውስጥ የፀሐይ ሰሌዳ ሲያነሳ ባለበት ቆመ። ለኪዋ አንገቷን ደፍታ መጻፏን ብትቀጥል ማንም አያስገድዳትም ነበር።

"እውነት ነው" አለች። "እኔ ነኝ። መጀመሪያ አጭበርብሬ ለካሁና የእነዚህ ተዘጋ። እውነቱን ስናገር የእናንተ ተዘጋ።"

ሰውዬው ቀና አለ። "ለምን አጭበረበርሽ?"

"ለጉዞ ብዬ። አውሮፕላን ለመሳፈር።"

"ለአውሮፕላን" አለ፣ ነገሩን በአፉ ውስጥ እንደሚያገላብጥ ሰው። ከኋላው አንዱ መራራ ሳቅ ሳቀ። ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ ቃሉ ከዚያ ሁሉ ነገር ጎን ሲቆም አነሰባትና ተወችው።

"የአገልግሎት ዘመን ስንት ብዬ ልጻፍልዎት?" አለችው።

"ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከሰባት ወር" አላት። "ወሩን እንዳትተዪው። በትክክል ጻፊው።"

ጻፈች። ወረቀቱን ወደ እሱ አዙራ አሳየችው። ጣቱን ከቁጥሩ ሥር እያስኬደ አነበበና የት እንደሚቀመጥ ጠየቃት። መስኮቱ አጠገብ ያለውን አግዳሚ ወንበር አመለከተችው። ሳያመሰግናት ሄዶ ተቀመጠ፤ ቀጣዩም ሰው ወደ ጠረጴዛው ቀረበ።